ዳገቱ ላይ የጠፋው ሞተር

የጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር አስከሬን ከአስፋልቱ ሲነሳ፣ አሮጌው ሞተር ሳይክሉ የፊት ጎማው ተጣሞ አውቶቡሱ ሥር ተኝቶ ነበር። ዳገቱ ላይ የጭነት መኪና ሊቀድም ሲወጣ ሞተሩ ድንገት ጠፋበት፤ ከፊት የመጣው አውቶቡስ ፍሬን ለመያዝ እንኳ ፋታ አላገኘም።

ከሰዓት በኋላ ሞተር ሳይክሉ ጋራዥ ሲደርስ ኢንስፔክተሯ እየጠበቀችው ነበር። አንድ ቦታ መቆም የማይሆንላት፣ ዓይኗ ሁሉን የሚለቃቅም ሴት ናት። መካኒኩ ወዲያ ወዲህ ይንቆራጠጣል። የሟች እህት ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች። ባሏ መካኒኩ ላይ አፍጥጧል።

«ገዳይ! አዲስ ሪሌ ገጠምኩ ብለህ አሮጌውን ትተህበት!»

«እናቴን! ትናንት ሁለቱንም ነው የቀየርኩላቸው፤ የሞተሩንም የማስነሻውንም» አለ መካኒኩ። «ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው ማብሪያ፣ ሪሌው፣ ሲሞቅ ያቋርጥ ነበር። እሱን ነው መጀመሪያ ያወጣሁት።»

ኢንስፔክተሯ በመካኒኩ እርዳታ ኮርቻውን አስነስታ አጎነበሰች። ሁለት ትንንሽ ጥቁር ሳጥኖች ጎን ለጎን ተሰክተዋል። የማስነሻው ሪሌ አዲስ ነው። የሞተሩ ግን እግሮቹ ነደው ጠቁረዋል።

«ይሄ ነጭ ቅባት ምንድን ነው?»

«ግራሶ። ሶኬቱን ካጸዳሁ በኋላ አዲሱን ከመሰካቴ በፊት እቀባዋለሁ፤ እንዳይዝግ።»

«አሮጌዎቹስ?»

«ላስቲክ ውስጥ አድርጌ ለራሳቸው ሰጠኋቸው። ደንበኛ እንዳይጠረጥረኝ ሁሌም እሰጣለሁ።»

መምህሩ ከእህቱና ከባሏ ጋር በአንድ ግቢ ይኖር ነበር። ላስቲኩ ክፍሉ ውስጥ መደርደሪያው ላይ ተገኘ፤ ውስጡ ሁለት አፈር የለበሱ ሪሌዎች አሉ። ኢንስፔክተሯ የአንዱን እግሮች በጣቷ ዳበሰች። ጣቷን አየት አድርጋ ላስቲኩን ኪሷ ከተተች።

«ወንድምዎ ዛሬ ወዴት ነበር የሚሄደው?»

እህትየዋ ዓይኗን ሰበር አደረገች። «ጋሼ... ፍርድ ቤት። ምስክር ነበር።»

«በማን ላይ?»

«በእኔ ላይ!» አለ ባሏ ከበሩ። «ሰው ገጭተህ አምልጠሃል ብለው ከሰውኛል። እሱም መኪናህ ውስጥ ሆኜ አይቻለሁ ይላል። ታዲያ ምን ይጠበስ? ሞተሩን እንደሆነ በእጄ ነክቼው አላውቅም!»

በማግስቱ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ቁልፉን ለእህትየዋ ሰጠቻት።

«እባክዎ ኮርቻውን ይክፈቱልኝ።»

እህትየዋ ብታዞር ብትታገል ወይ ፍንክች። ባሏ ትዕግሥቱ አለቀ። «እስቲ ዞር በይ!» ብሎ የኮርቻውን ጫፍ በጉልበቱ ጫን አድርጎ ቁልፉን ዞር ሲያደርገው ተከፈተ።

«አመሰግናለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። «አሁን አዳምጡኝ። መካኒኩ አጭበርብሮ ቢሆን ኖሮ ላስቲኩ ውስጥ ያሉት ሪሌዎች ግራሶ ባልነካቸው ነበር፤ አሮጌዎቹ የወጡት ግራሶው ከመቀባቱ በፊት ነው። ከላስቲኩ ያገኘሁት አንዱ ሪሌ ግን እግሮቹ ግራሶ ጠግበዋል። አፈሩን ስጠርገው አዲስ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ ነበር። ያወጣው ሰው የተበላሸውን መልሶ ሰካና ቁጥሩ እንዳይጎድል አዲሱን አፈር አልብሶ ላስቲኩ ውስጥ ጨመረው። ይህ የሆነው ላስቲኩ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ቤት ውስጥ የነበራችሁት ደግሞ ሁለታችሁ ናችሁ።»

ወደ ባልየው ዞረች። «የዚህ ኮርቻ ቁልፍ የተበላሸ ነው። እኔም ትናንት ታግዬው አቅቶኝ ነው መካኒኩ በጉልበት መጫን እንዳለበት ያሳየኝ። ባለቤትዎም አያውቁትም። በእጅዎ ነክተውት የማያውቁትን ሞተር እንዴት እንዲህ አወቁበት?»

ሰውየው ቁልፉን ነቅሎ መሬት ላይ ጣለው።

«እንዲሞት አልፈለግኩም... መንገድ ላይ ቆሞ ችሎቱ እንዲያመልጠው ብቻ ነበር።»

እህትየዋ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«እኔም ሰው የገጨ ዕለት መኪናው ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ነበር» አለች ለኢንስፔክተሯ። «የገጫት ሴትዮ ስትወድቅ አይቻለሁ። ተኝቼ ነበር ብዬ ዋሽቼለታለሁ፤ ጋሼን ብቻውን ተውኩት። አሁን ውሰዱኝ፤ እሱ ሊናገር የነበረውን እኔ እናገራለሁ።»

ባሏ በቁልምጫ ስሟ ጠራት። እሷ ግን ዞር ብላ ሳታየው ወደ ፖሊስ መኪናው አመራች።