የደቡቡ መስኮት

«ሁለተኛውን ሳምንት እኮ አልለካሁም» አለች ጂቱ፣ ጭቃ የነካው እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች። «ቴርሞሜትሩ ወድቆ ተሰበረብኝ። ፈራሁና ቁጥሮቹን ከጭንቅላቴ ሞላኋቸው።»

ሃዋኒ ለአባቷ አዲስ ቤት ምርጊት በተቦካው ጭቃ ላይ ጭድ መነስነሷን አቆመች። ሁለቱ ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ውድድር ያለ ከሰል በፀሐይ የሚሞቅ ቤት ነድፈው፣ ትንሽ ሞዴሉን በጭቃ ሠርተው ነበር። መስኮቱን አንድ ሳምንት ወደ ምሥራቅ፣ አንድ ሳምንት ወደ ደቡብ አዙረው ሙቀቱን ለመለካት ተከፋፈሉ። የደቡቡ ሳምንት የጂቱ ነበር። በሰንጠረዡ ላይ ደቡቡ በአራት ዲግሪ ይበልጣል፤ ሃዋኒም ሳታመሳክር ፈርማበታለች።

ሰንጠረዡን ያመኑት ለአምቦው ውድድር ያሳለፏቸው የትምህርት ቤቱ ዳኞች ብቻ ቢሆኑ ባልከፋ። የሃዋኒ አባት ኦቦ ቀጀላም አምነውት የአዲሱን ቤታቸውን መስኮት በምሥራቅ ካለው መንገድ ወገን ወደ ደቡብ፣ ወደ ጓሮ አዙረውታል። እጃጂ ከተማ ውስጥ መስኮቱ መንገድ የማያይ ቤት ማን አይቶ ያውቃል? ለደቦ የመጣው ጎረቤት «ቀጀላ እንግዳ የሚጠብቀው ከጓሮ ነው» እያለ ሲያሾፍ አረፈደ። እሳቸው ግን «ልጄ ለክታለች» ይላሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ጭቃው ሳምንት ሙሉ ቦክቶ ደርሷል። አናጢው ኦቦ ጉታ የመንገዱን ወገን ክፍተት በማገር ሊዘጉ መዶሻ አንስተዋል። አንዴ ከተመረገ አፍርሶ መክፈት ግድግዳውን ያናጋዋል።

«በናትሽ ዝም በይ» አለች ጂቱ። «ደቡቡ እውነትም ሊሻል ይችላል።»

ሃዋኒን ያናደዳትም ይኸው ነው። «ሊሻል ይችላል» ተብሎ ቤት ይሠራል? ግን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አባቷን ማሳፈር ጨነቃት። የመጀመሪያው ሚስማር ገባ።

«ኦቦ ጉታ፣ ትንሽ ይቆዩ።»

ሰዉ ሁሉ ዞረ።

«ማል ተኤ፣ ኢንተለ ኮ? ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉ አባቷ።

«አባ፣ የደቡቡን አልለካነውም። ቁጥሩ ፈጠራ ነው። እኔም ሳላይ ፈርሜበታለሁ።»

አንድ ሰው ሳቀ። ኦቦ ቀጀላ አልሳቁም፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«ታዲያ የቱ ይሻላል?»

«አላውቅም።»

ወደ አናጢው ዞሩ። «ጉታ፣ ሁለቱንም ክፍት ተዋቸው። የቀረውን እንመርጋለን።» ከዚያ ወደ እሷ፦ «ለክቶ ለመጨረስ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ሌላ ቴርሞሜትር ካገኘን፣ ሁለቱንም እንደ አዲስ ለመለካት ሁለት ሳምንት።»

ጂቱ ክንዷን ያዘቻት። «ውድድሩ እኮ ከነገ ወዲያ ነው። አምቦ አንሄድም ማለት ነው?»

«በዚህ ሰንጠረዥ አንሄድም» አለች ሃዋኒ። ጭቃ የተሞላውን ሳፋ በአንድ ወገን ይዛ፣ ጂቱ በሌላው ወገን እስክታነሳ ጠበቀች።