ልብሷ ሰፍቷታል?

የእኔ ሥራ ሰው ደስ ብሎት በሩን የሚከፍትለት ዓይነት አይደለም። ሐኪም «ከእንግዲህ መዳን የለም» ያለውን በሽተኛ ቤቱ ድረስ ሄጄ አይና ቅጽ እሞላለሁ። ቅጹ ካለፈ የሕመም ማስታገሻውም ነርሷም ቤቱ ይመጡለታል። ካላለፈ ቁም ስቅሉን ያያል።

ለማለፍ በሽተኛው ከስድስት ወር በላይ በሕይወት እንደማይቆይ ማስረጃ ያስፈልጋል። ዋናው መክሳት ነው። ሚዛን ላይ መቆም ላቃታት ሴት አንድ ጥያቄ አለን፦ «ልብሷ ሰፍቷታል?»

አንድ ልብስ ሰፊ ያወቅሁት የታመመች እናቱን ለማየት የሄድኩ ቀን ነው። የስፌት መኪናው ከአልጋዋ አጠገብ ነበር። ጥያቄውን ሳነብለት ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ «ኧረ ልክክ ብሏታል» አለኝ። ፊቷ በመድኃኒት አብጧል፣ ቀሚሷም እውነት ልክክ ብሏታል። «አልሰፋትም» ብዬ ጻፍኩ።

ልወጣ ስል «ሲስተር፣ ቁልፍሽ ሊወድቅ ነው» አለና ጋውኔን ሳላወልቅ እዚያው ሰፋልኝ። ክሩን በጥርሱ ሲበጥስ ትንፋሹ አንገቴን ነካኝ። ከዚያ ወዲያ ልቤ የእኔ አልሆነም፤ ምን ልዋሽ።

ቅጹ «መክሳቷ አልተረጋገጠም» ተብሎ ተመለሰ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰበብ እየፈለግኩ ተመላለስኩ። እሷ ትራሷን ነክሳ ታቃስታለች፣ እሱ መኪናውን ያስሮጣል። አንድ ቀን «አንቺ ስትመጪ ነው እህል የሚወርድልኝ» አለኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እሱ ክር ሊገዛ ሲወጣ፣ ላብ ያራሰውን ቀሚሷን ልቀይርላት አወለቅኩት። ገለበጥኩት። ጎኑ ላይ አራት መስመር ስፌት አለ፣ እያንዳንዱ ካለፈው ወደ ውስጥ የገባ። እየከሳች በሄደች ቁጥር ሲያጠብላት ኖሯል።

«መክሳቴን እንዳላውቅ ብሎ ነው» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «እኔም እንደማያውቅ ሰው እለብስለታለሁ። እንዳትነግሪው ልጄ።»

«እማማ፣ ነግሬው መቼ መቼ እንዳጠበበው ካልነገረኝ ማስታገሻው አይመጣም።»

«እንግዲያው ቀስ ብለሽ» አለች።

እንዲህ ያለ ነገር ምን ቀስ አለው? ደጅ ጠብቄ ነገርኩት። ክሩ ከእጁ ወደቀ።

«እኔ ነኝ ያሰቃየኋት?»

«እኔም ነኝ። አልሰፋትም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«መኪናውን የማስሮጠው እኮ» አለ፣ «ስታቃስት እንዳልሰማት ነው።»

ገብቶ ሜትሩን አነሳ። በየስፌቱ መካከል ያለውን እየለካ፣ መቼ እንዳጠበበውም እየጨመረ፣ ለደንበኛ እንደሚያነብ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። አራተኛው ላይ ድምፁ ተቆረጠ።

«ንገራት እንጂ፣ የእኔ ባለሙያ» አለችው እናቱ።

እንደገና የሞላሁት ቅጽ በማግስቱ አለፈ። አሥራ አንድ ቀን ሳታቃስት ሰነበተች። በአሥራ ሁለተኛው ረፋድ ላይ፣ እጇ እጁ ውስጥ እንዳለ፣ አረፈች።

ከዚያ በኋላ ስደውልለት አላነሳልኝም። እኔን ሲያይ ያ ቀሚስ እንደሚታየው አውቃለሁ። እኔስ ብሆን ቅጽ ባነሳሁ ቁጥር ትራስ የነከሰች ሴት አይደል የምትመጣብኝ? እህል አስጠላኝ። ያለ እሱ የሚነጋ ቀን ሁሉ አስጠላኝ።

በሁለተኛው ወር ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሄጄ አንኳኳሁ። ከፈተ። የስፌት መኪናው አቧራ ለብሷል። ጋውኔን ከላይ እስከ ታች አየው፣ እሱ የሰፋው ቁልፍ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ።

«ሰፍቶሻል» አለ።

«አዎ።»

ሜትሩን አነሳ። «አውልቂውና ላጥብብልሽ።»

«አታጥብበው» አልኩት። «እንደሰፋኝ እየኝ።»

ሜትሩን መልሶ አስቀመጠው። የእሱም ሸሚዝ ሰፍቶት እንደነበር ያወቅሁት ሲያቅፈኝ ነው።