ከድንጋዩ ሳልነሣ

የጠንቋይ ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፣ ዛር ወረደባት ሲባልም ወይ ርቧት ወይ ከፍቷት ነው ብዬ የማልፍ ሴት ነኝ፣ ፊደል የቆጠርሁት ደግሞ ጸጉሬ ገብስማ ከሆነ በኋላ ስለሆነ አንዲት ቃል ከማስፈሬ በፊት ሁለት ጊዜ አስባለሁ፤ ይህን የምነግራችሁም ስለማምንበት ሳይሆን ስለሆነ ነው።

ጣሊያን ቡሬን በያዘ ጊዜ ነው። ባሌ በመንገድ ሥራው ድንጋይ ይፈልጥ ነበር፣ የመጀመሪያ ልጃችን በአራት ወሩ ከሞተብን ወዲህ ግን ሰውነቱ እንጂ ልቡ ቤት አልነበረም፣ እህል አቅርቤ ስጠብቀው እሱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሥር ተቀምጦ ያመሻል፣ አንድ ቀንማ ለጎረቤታችን «መነኩሴ ምን ይጎድለዋል?» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ስለዚህ «ጭነት መኪናው ባሕር ዳር ወደቡ ድረስ ይሄዳል፣ ሹፌሩ ሁለታችሁንም ልውሰዳችሁ ብሏል፣ ባሕሩን አይተሽ ትመለሻለሽ» ሲለኝ፣ እሱስ ይመለስ ይሆን ብዬ ነው የተነሣሁት።

ማግሥቱ እሑድ ነበር። ወደቡን አየን፣ ፀሐዩ ውኃው ላይ ተሰብሮ ዓይን ይወጋል፣ የጣሊያን ጀልባ እየጮኸ ጆንያ ያራግፋል። ባሌ ብዙ ጊዜ ካልሰማሁት ሳቁ ጋር «ይህን ሁሉ ውኃ ማን ቀድቶ ሞላው?» አለ፣ ዓሣ የምትሸጥ ሴትም «ሙሽሮች ናችሁ እንዴ? አፋችሁን ዝጉ፣ ዝንብ ይገባል!» ብላ ተረበችን። ያን ጊዜ የተሸሸገው ባሌ የተመለሰልኝ መስሎኝ ነበር፤ ቀትር ላይ ግን ወደ ደሴቱ ገዳም እያየ «ልሳለምና ልምጣ» አለኝ።

አብሬው በታንኳ ተሻገርሁ። ከመውረጃው ድንጋይ ስንደርስ ባለ ታንኳው ሽማግሌ «ልጄ፣ ሴት ከዚህ አታልፍም፣ ዶሮ እንኳ አውራው እንጂ እናቲቱ አትገባም» አሉኝ። ባሌ ጫማውን አውልቆ ዳገቱን ወጣ፣ ዞሮም አላየኝ። እኔ ታንኳው ላይ የራሰ ነጠላዬን ድንጋዩ ላይ አሰጣሁና አጠገቡ ተቀመጥሁ።

እመኑኝ፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም። መጀመሪያ የወፍጮ ድምፅ ሰማሁ፣ የመገበሪያ ስንዴ ነዋ ብዬ ተውሁት፣ መነኮሳቱ ራሳቸው እንደሚፈጩ አውቃለሁ። ቆይቶ ከወፍጮው ጋር እንጉርጉሮ መጣ፣ የሴት ድምፅ ነው፣ ዜማው ደግሞ የሞተውን ልጄን ሳስተኛ አዜመው የነበረው፣ እኔ ሁልጊዜ የምስተውን ቦታ እሷም ሳተችው።

«አባባ፣ ይሰማዎታል?» አልኋቸው ታንኳቸው ላይ ሆነው የሚጠብቁንን ሽማግሌ።

«ምኑ?»

«ወፍጮው።»

«በእሑድ ማን ይፈጫል ልጄ? ፀሐዩ መትቶሽ ነው፣ ተከናነቢ።»

እውነትም ነጠላዬን ላነሣ እጄን ሰደድሁ፣ ድንጋዩ መዳፌን አቃጠለው፣ ነጠላዬ ግን ገና አሁን ከባሕር እንደወጣ ውኃ ያንጠፈጥፋል። ድምፁም ወዲያው ጸጥ አለ።

ባሌ ዳገቱን እየሮጠ ወረደ፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምነው አንቺ ሴት! እንዴት ደፍረሽ ገባሽ?»

«የት ገባሁ?»

«ከአባ እግር ሥር ተንበርክኬ፣ ተቀበሉኝ ልል አፌን ስከፍት፣ ከደጀ ሰላሙ ቆመሽ በስሜ ጠራሽኝ! ነጠላሽ ውኃ ያንጠባጥባል፣ አባም አይተው ደንግጠው፣ ሚስትህን ይዘህ ውረድ አሉኝ።»

በስሙ! በእኛ አገር ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም፣ እኔም ጠርቼው አላውቅም፣ እዚህም አልጽፈውም።

«ማርያምን፣ ከዚህች ድንጋይ አልተነሣችም» አሉ ሽማግሌው።

«አንቱን ደግሞ ምን ሰጥታ አባበለችዎ?» አላቸው ባሌ።

ልምልለት አፌን ከፈትሁ። ግን ወዳጆቼ፣ እኔ አይደለሁም ብል ዳገቱን ተመልሶ ይወጣል፣ ያቋረጠውን ቃል ይጨርሳል። ዝም አልሁ። ያልገባሁበትን ገብቻለሁ አሰኝቼ ባሌን ይዤ ተመለስሁ።

ቤቱን ያዘ፣ አራት ልጅ ወለድን። ታዲያ በየዓመቱ ያ ቀን ሲደርስ ስለ እኔ ድፍረት ይጾማል፣ አርባ ይሰግዳል፣ ንስሐ አባቴ እንኳ «የራሷን ራሷ ትስገድ» ቢሉት አልሰማም። እኔ ከመደቡ ሆኜ ጉልበቱ መሬት ሲነካ እሰማለሁ፣ ይህ ሁሉ ስግደት ለማን እየደረሰ ይሆን እላለሁ፣ ያች ሴት ማን ናት፣ የእኔን ባል ለእኔ መመለስ ምን ያደርግላታል እላለሁ።

ባሌ ባረፈበት ሳምንት፣ መስገድ አቅቶት ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ፣ «አንቺ፣ እንግዲህ ስግደቱ ይበቃሽ ይሆን?» አለኝ።

«ይበቃኛል» አልሁት።

ስለ ራሴ ይሁን ስለዚያች ሴት እንደመለስሁለት ግን አላውቅም።