በቡሎኖቹ ላይ የነበረው ቀይ ጭረት

ጋሽ ሣህለ ማርያም ሞተው የተገኙት ቢቸና ውስጥ በገዛ ጋራዣቸው፣ ሊጠግኑት በያዙት የጭነት መኪና ጋቢና ሥር ነው። ወደ ፊት የተገለበጠውን ጋቢና ደግፎ የሚያቆመው ብረት ከመቀመጫው ወጥቶ መሬት ላይ ተጋድሟል። ሰዎች ጋቢናውን አንስተው ሲያወጧቸው ትንፋሽ አልነበራቸውም።

«እጃቸውን እንዳትነኩ» አለች ኢንስፔክተር ስርጉት፤ ተንበረከከችም። ንግግሯ ጥቂት ነው፤ ዓይኗ ግን ካረፈበት ቶሎ አይነሳም። የሟቹ መዳፎች እስከ ጥፍራቸው ሥር ድረስ በደረቅ የጠመኔ ብናኝ ነጥተዋል። ቀና ብላ ሞተሩን አየች። መካኒኮች ቴስታታ የሚሉት የሞተሩ ራስ በቦታው ተገጥሟል። ከእያንዳንዱ ቡሎን አናት እስከ ቴስታታው ድረስ ቀጭን ቀይ የቀለም ጭረት ወርዷል።

«እሱ ነው!» ብለው ጮኹ የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ሰገነት። ጣታቸው ወደ መኪናው ባለቤትና ሾፌር ወደ ዓለምነህ ተቀስሯል። «ትናንት እዚህ በር ላይ ቆሞ ባሌን ሌባ ያለው እሱ ነው! በማርያም እምላለሁ፣ እሱ ነው!»

የእሳቸው መሐላ በከተማው ይከበራል። ዓለምነህን ወዲያው አሰሩት፤ በማግስቱም በነፍስ ግድያ ተከሶ ወደ ደብረ ማርቆስ ሊላክ ሆነ።

«ሌባ ብያለሁ፤ አልክድም» አለ ዓለምነህ ስርጉት ስትጠይቀው። «ቴስታታውን ሞጣ ላይ ያደሰልኝ ምንይሉ ነው። ጋሽ ሣህለ ማርያም ናቸው ‹ልጄ የሠራውን እኔ እንደሠራሁት ቁጠረው› ብለው የላኩኝ። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሽቅብ ስወጣ ሞተሩ ይንተከተካል፤ ውኃ ባጠጣው ባጠጣው አይረካም። እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ሞተር ቢከዳሽ ምን ትሆኛለሽ? ተናድጄ ሰደብኳቸው። ዛሬ ግን ጋራዡን አልረገጥኩም።»

«የት ዋልክ?»

«ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ተኝቼ። ያየኝ እግዜር ብቻ ነው።»

«ለእሱ ደግሞ መጥሪያ አልጽፍለትም» አለች ስርጉት።

ቀጥሎ የገባው ምንይሉ ነው። ሟቹ ከልጅነቱ አሳድገው፣ ሙያ አስተምረው ሞጣ ላይ ጋራዥ ያስከፈቱት ልጅ ነው። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል።

«ጠዋት አስጠርተውኝ መጥቼ ነበር» አለ። «ቴስታታው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ‹ደህና ነው፣ መልሼ እገጥመዋለሁ› አሉኝና ወጣሁ። ስወጣ ዓለምነህ ሲገባ አይቼዋለሁ። መርዶው መንገድ ላይ ደረሰኝ።»

«ሲገጠም አላየህም?»

«ኧረ የት አይቼ!»

ስርጉት ወደ ወይዘሮ ሰገነት ሄደች። «እትዬ፣ ቡሎኖቹ ላይ ያለው ቀይ ጭረት ምንድን ነው?»

«የቤታችን ሥርዓት ነው፣ ልጄ። አንዱ ያጠብቃል፤ ሌላው እያንዳንዱን መርምሮ ይቀባል። ‹እጅ ለራሱ አይመሰክርም› ይል ነበር ነፍሱን ይማረውና። ሰው ከሌለ ሳይቀባ ያሳድረዋል እንጂ በራሱ እጅ አይቀባም።»

«ሾፌሮች ይህን ያውቃሉ?»

«ምኑን አውቀው! ቴስታታ ሲታሰር ሾፌር ከበር ውጭ ነው የሚቆመው።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዓለምነህም ካቴናው እጁ ላይ እንዳለ መጣ።

«ቡሎን ዘይት ተቀብቶ ነው የሚገባው» ብላ ጀመረች ስርጉት። «እነዚህን ቡሎኖች ያሰረ እጅ ይጠቁራል፣ ይረጥባል። የጋሽ ሣህለ ማርያም መዳፍ ግን ደረቅና ነጭ ነበር። ስለዚህ ቴስታታውን የገጠሙት እሳቸው አይደሉም። ምንይሉ፣ መካኒክ ቴስታታ ላይ ጠመኔ የሚነሰንሰው ለምንድን ነው?»

ምንይሉ ቴስታታውን እያየ መለሰ። «ስንጥቅ ለመፈለግ። መጀመሪያ ናፍጣ ይቀባል፤ ተጠርጎ ጠመኔ ሲነሰነስበት፣ ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ናፍጣ ጠመኔውን ያጠቁረዋል።»

«እሳቸው ስንጥቅ ሲፈልጉ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ሌላ ሰው ቴስታታውን ገጥሞ ሸፈነው። ዓለምነህ ነው እንዳንል፣ ሾፌር ይህን ቀይ ጭረት አያውቅም። እትዬ፣ በዚህ ቤት መቀባቱ የማን ሥራ ነበር?»

«የምንይሉ ነዋ! ከልጅነቱ ጀም...» ወይዘሮ ሰገነት ቃሉን ሳይጨርሱ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«እጁ ለምዶበታል» አለች ስርጉት። «አጥብቆ ሲጨርስ ሳያስበው ቀባው።» መፍቻውን አንስታ ለምንይሉ ዘረጋችለት። «አልነበርኩም ካልክ ቴስታታውን ፍታና ጠመኔ የተነሰነሰበትን የታችኛውን ፊቱን አሳየን።»

መፍቻውን ተቀበለ። ከዳር ጀምሮ፣ እንደተማረው፣ አንዱን ቡሎን ላላ አደረገ። ሁለተኛው ላይ እጁ ቆመ።

«ፍታው እንጂ!» አሉ ወይዘሮ ሰገነት።

«ተሰንጥቋል፣ እማዬ» አለ ምንይሉ። «ደህናውን ሸጬ የተሰነጠቀ በማጣበቂያ ደፍኜ ገጠምኩለት። አባዬ ደረሱበት። ‹ሾፌሩን ጥራና በአፍህ ንገረው› አሉኝ። ገፋኋቸው፤ ጭንቅላታቸው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። የሞቱ መስሎኝ ነው ቴስታታውን ገጥሜ ስጨርስ ጋቢናው ሥር አስገብቼ ደጋፊውን ብረት የነቀልኩት...»

«አልሞቱም ነበር» አለች ስርጉት በዝግታ። «አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም የገደላቸው ጋቢናው ነው ብሏል። አንተ ቡሎን ስታጠብቅ፣ ቀለም ስትቀባ፣ እሳቸው እግርህ ሥር ይተነፍሱ ነበር።»

መፍቻው ከእጁ ወደቀ። «እማዬ...» እያለ ወደ ወይዘሮ ሰገነት ተራመደ። እሳቸው ግን እንዳልሰሙ ሆነው አልፈውት ወደ ግቢው ወጡ። ከአጥሩ ሥር ትልቅ ድንጋይ አንስተው ጫንቃቸው ላይ ጫኑ፤ ጎንበስ እንዳሉም ተመልሰው ካቴናው ገና ባልተፈታለት ሾፌር ፊት ቆሙ።

«በሐሰት ማልኩብህ። ዓይኔ ሳያይ፣ ለባሌ ብዬ።»

«ኧረ እትዬ! ኧረ በማርያም!» ዓለምነህ በታሰሩት እጆቹ ድንጋዩን አውርዶ መሬት ላይ አኖረው። «ይቅር ብያለሁ። ቀና ይበሉ።»

ወይዘሮ ሰገነት ድንጋዩ ከወረደላቸው በኋላም ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ።