አራተኛው ቁጥር

የኬሚስትሪው መምህር የሚጢጢን የፈተና ወረቀት ገልብጦ ዴስኩ ላይ አስቀመጠው። እስከዚያ ድረስ ለሁሉም ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ሲያድል ነበር። ገልብጦ የሚያስቀምጠው ውጤቱ ከግማሽ በታች ሲሆን ነው፤ ይህን የማያውቅ ተማሪ ክፍሉ ውስጥ የለም። ሚጢጢ ወረቀቱን ሳትገልጠው እጇን አሳረፈችበት።

አጠገቧ የተቀመጠችው ባትሪ የራሷን ወረቀት ቶሎ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ማንም አላየባትም።

«ባትሪ» ያሏት የክፍሉ ልጆች ናቸው። ትምህርት የጨለመበት ሁሉ እሷ ዘንድ ይመጣል። በዚህ ስም ሲጠሯት የማትወደው ትመስላለች፤ ግን ትወደዋለች። ሚጢጢን ሚጢጢ ያሰኛት ቁመቷ ነው። ሁለቱ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ አሁን አስራ አንደኛ ክፍል ናቸው።

መምህሩ አድሎ ሲጨርስ ሰሌዳው ላይ ሂሊየም ብሎ ጻፈ። የሂሊየም አቶም ሁለት ኤሌክትሮን አለው። የሁለቱንም አራት አራት ኳንተም ቁጥሮች ጻፉ ነበር ጥያቄው፤ ብዙ ማርክ የያዙትም እሱና እሱን የመሰሉት ነበሩ።

መምህሩ የማንንም ስም ሳያነሳ ከመጀመሪያው አስረዳ። አንደኛው ቁጥር ኤሌክትሮኑ ያለበትን የኃይል ደረጃ ይናገራል። ሁለተኛው የኦርቢታሉን፣ ማለትም ኤሌክትሮኑ የሚገኝበትን ስፍራ ቅርጽ፣ ሦስተኛው ኦርቢታሉ ወዴት እንደተዘረጋ ይናገራል። አራተኛው ስፒን ነው። ስፒን ሲባል ኤሌክትሮኑ በእውነት እንደ እንዝርት ይሾራል ማለት አይደለም አለ፤ አብሮት የተፈጠረ ባሕርይ ነው፣ ሊሆን የሚችለውም ፕላስ ግማሽ ወይም ማይነስ ግማሽ ብቻ ነው።

«ሁለቱ አንድ ኦርቢታል ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ሦስቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ናቸው። አራተኛው የግድ መለየት አለበት። አራቱንም አንድ አድርጋችሁ ከጻፋችሁ፣ ሁለት ኤሌክትሮን አልጻፋችሁም፤ አንዱን ሁለት ጊዜ ነው የጻፋችሁት።»

«መንታ ናቸው ቲቸር» አለ ከኋላ ወንበር አንዱ። ክፍሉ ሳቀ። ሚጢጢም ሳቀች፤ ከሰው ዘግይታ።

ባትሪ አልሳቀችም።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ቅዳሜ፣ አባቷ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። አባቷ የተቃጠሉ ሞተሮችን ሽቦ አውጥቶ እንደ አዲስ ይጠቀልላል። ወርክሾፑ ሁልጊዜ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል። ሁለቱ ልጆች በር አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው ለፈተና ሲያጠኑ፣ ሚጢጢ ስፒን የሚለውን እንድታስረዳት ጠየቀቻት።

ባትሪ አልገባትም ነበር። ያን ገጽ ሁለቴ ጀምራ ሁለቴ ትታዋለች። «እኔም አልገባኝም» ማለት ይቻል ነበር። ግን ይህን ቃል ከአፏ የሰማ ሰው አልነበረም፤ የመጀመሪያዋ ሰሚ ደግሞ ሚጢጢ እንድትሆን አልፈለገችም። ዓይኗ ወዲያ ወዲህ ሲል የመሞከሪያው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። አባቷ አንድ ሞተር አስነስቶ እየፈተሸ ነው፤ ፑሊ የሚባሉ ሁለት የብረት መንኮራኩሮች ቺንጋ በሚሉት አንድ የጎማ ቀበቶ ተያይዘው ይዞራሉ።

«ያውልሽ፣ እይ። ቺንጋው አንድ ነው። ይኼኛው ወደ ቀኝ ሲዞር ያኛውም ወደ ቀኝ ነው። ኤሌክትሮኖቹም አንድ ኦርቢታል ከተጋሩ አብረው ነው የሚዞሩት። ሁለቱም ፕላስ ግማሽ።»

ሚጢጢ ፑሊዎቹን ትክ ብላ አየች። ከዚያ ፊቷ በራ። እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ መምህሩ ለምን ያንዛዛዋል ብላ ሳቀች። የባትሪ አባት ቀና ብሎ እጃቸውን ከቺንጋው እንዲያርቁ ነግሯቸው ወደ ሥራው ተመለሰ። ማብራሪያው እንዲያ ማማሩን ስታየው ባትሪ ራሷም አመነችው። ሽቦውን እንደሚጠቀልለው አባቷ፣ አንድ ሥራ በደንብ የጨረሰች መሰላት።

ይህ ስሕተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። ባትሪን የሚያንገበግባት ሌላው ነው።

በፈተናው ጠዋት ተማሪው አዳራሹ በር ላይ ተሰልፎ ነበር። ባትሪ እንዲያው ልቧ ስላላረፈ መጽሐፉን ገልጣ ያን የተወችውን ገጽ አነበበች። አንድ ኦርቢታል ውስጥ ያሉ ሁለት ኤሌክትሮኖች ስፒናቸው ተቃራኒ ነው ይላል፤ በደማቅ ቀለም። ክው አለች። ቀና ስትል ሚጢጢ ከፊቷ ጥቂት ሰው አልፋ ቆማለች፤ ለአንድ ልጅ በሁለት እጇ ፑሊ እየሠራች ታሳየዋለች። ዞር ብላ ባትሪን ጠቀሰቻት።

«ተቃራኒ ነው» ማለት ብቻ ነበር። ሰልፉ ግን ዝም ብሏል፤ ሁሉም ይሰማል። ባትሪ ተሳሳተች ሊባል ነው። ምናልባት ጥያቄው አይመጣም ብላ ራሷን አጽናናች። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ በሩ ተከፈተ፣ ገቡ። ጥያቄው መጣ። ባትሪ ለአንደኛው ፕላስ ግማሽ፣ ለሁለተኛው ማይነስ ግማሽ ብላ ጻፈች። ለአፍታም አላመነታችም። አሁን ሲታወሳት የሚያስጠላት ይኸው ነው።

ያን ዕለት ወረቀቱ ከታደለ በኋላ፣ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሚጢጢ ወረቀቱን አሳየቻት። ቺንጋ የሚባለውን ነገር ሳትረሳ በየመልሱ ሁሉ ፕላስ ግማሽ፣ ፕላስ ግማሽ ብላ ደርድራለች። ኬሚስትሪ ከግማሽ በታች ያመጣ ተማሪ ሰኞ ማካካሻ ይፈተናል፤ ያን ከወደቀ ከተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል ይወጣል። ሚጢጢ መድኃኒት ቀማሚ መሆን የምትፈልገው ከልጅነቷ ነው።

«አንቺ በትክክል ነግረሽኝ ነበር» አለች ሚጢጢ። «ያኛው ወደ ግራ ይዞራል ብለሽኝ መሆን አለበት። እኔ ነኝ ያጣመምኩት፤ ቀሽም ጭንቅላት።»

ባትሪ «ይሆናል» አለች። ቃሉ ከወጣ በኋላ ልትመልሰው ፈለገች፤ አልተመለሰም።

ሚጢጢ ማካካሻውን እንደማትፈተን ነገረቻት። ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ትዛወራለች፣ ማታ ለአክስቷ ትነግራታለች። ለምን ስትባል ትከሻዋን ሰበቀች።

«ባትሪ አስረድታኝ ያልገባኝ፣ ማን ሊያስረዳኝ ነው?»

መታጠፊያው ላይ ተለያዩ።

ባትሪ ቤቷ ደርሳ ቦርሳዋን ወረወረችና ተቀመጠች። ወረቀቷን አውጥታ አየችው። ደፍናለች። እናቷ ብታየው ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች። መልሳ አጠፈችው። ሚጢጢ ፈተና ብቻ የወደቀች ቢመስላት ኖሮ አጥንታ ትነሳ ነበር፤ አሁን ግን ጭንቅላቷ የማይረባ መስሏታል። ያን እንድታምን ያደረገች አንዲት ሰው ናት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተነስታ ሄደች።

የሚጢጢ አክስት ልብስ ሰፊ ናት። የሚጢጢ ወላጆች ከሞቱ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ የምትሰፋውም የሚኖሩባት ክፍል ውስጥ ነው። ባትሪን ስታይ እግሯን ከስፌት መኪናው ሳታነሳ እንድትገባ ጠራቻት።

«ነይ የኔ ልጅ። እስቲ ይቺን ጓደኛሽን ምከሪልኝ። እኔን አልሰማ ብላለች፤ አንቺን ትሰማለች።»

ሚጢጢ ጥግ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። ባትሪ ደጅ እንድትወጣላት በዓይኗ ጠየቀቻት። ደረጃው ላይ ቆሙ። መርፌው ክር እንደያዘ ሚጢጢ እጅ ላይ ነው።

ባትሪ ነገረቻት። ስፒን ያን ቀን ለእሷም እንዳልገባት፣ የቺንጋው ነገር ከራሷ የፈለሰፈችው መሆኑን፣ ሚጢጢ አንዲት ቃል ሳታጣምም የተነገራትን እንደጻፈች ነገረቻት።

ስትጨርስ ሚጢጢ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ፊቷ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር መጣ።

«አንቺም አትችዪውም ነበር ማለት ነዋ» አለች። «አቦ፣ እኔስ ጭንቅላቴን ሰድቤ ልጨርሰው ነበር። ምን ታካብጃለሽ፣ ሰው አይሳሳትም እንዴ? ከፈተናው በኋላ ነው አይደል ያወቅሽው?»

ራስን መነቅነቅ ይበቃ ነበር። ሚጢጢ መልሱን ራሷ አዘጋጅታ ሰጥታታለች። አብረው ስቀው ወደ ውስጥ ይገቡ ነበር፤ አክስቷም ታመሰግናት ነበር። ባትሪ የደረጃውን ብረት ያዘች።

«በፊት ነው» አለች። «ሰልፉ ላይ። ስትጠቅሺኝ አውቄ ነበር።»

ፈገግታው ጠፋ። ሚጢጢ መርፌውን ደረቷ ላይ ልብሷ ውስጥ ሰካችው፤ ክሩን ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች። ውስጥ የስፌት መኪናው ቆሞ ነበር፤ እንደገና ተነሳ።

«ሰኞ እፈተናለሁ» አለች በመጨረሻ። ባትሪን አላየቻትም። «አንቺ ግን እንዳታስረጂኝ። ብቻዬን ነው የማጠናው።»

«እሺ» አለች ባትሪ።

ሚጢጢ ገባች። በሩን ዘጋችው እንጂ አልደረገመችውም። ባትሪ ደረጃውን ወረደች።