ጠብቁኝ

ዕቃቸውን ከበቅሎ ጫኚዎቹ ጋር ወደ ማደሪያው አስቀድመው ልከው፣ ሦስቱ ጓደኛሞች ማለዳ ላይ የተራራውን መንገድ ሲጀምሩ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ጉዞው ብዙ ቀን የሚፈጅ ነው፤ ትርሲት ግን በመጀመሪያው ቀን፣ ገና የመጀመሪያውን አቀበት ሳትጨርስ መነጫነጭ ጀምራለች። ለዚሁ ብላ የገዛችው ጫማ ተረከዟን ልጦታል። አዲስ አበባ ሳሉ «በአንቺ ልክ ነው የምንሄደው» ብሎ ያግባባት መክብብ ደግሞ ዞር ብሎም አያያትም። ከሁሉም በላይ ያንገበገባት እረፍቱ ነበር። እሱና ፌቨን ቀድመው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ላባቸውን አድርቀው ይቆዩና፣ እሷ እያለከለከች ስትደርስ ልብሳቸውን አራግፈው ይነሳሉ።

«በቃ፣ እንሂድ?» ይላል መክብብ።

«አሁን እኮ ነው የደረስኩት።»

«ሰውነታችን ከቀዘቀዘ ይብስብናል። ትንሽ ነው የቀረው።»

ፌቨን ተማሪዎች ሳሉ ጀምሮ እንደምታደርገው፣ ሁለቱ ሲነታረኩ እንዳልሰማች ሆና ትስቃለች።

ከሰዓት በኋላ አስታ የሚባለው ዛፍ የሞላበት ጫካ ውስጥ ሲገቡ፣ ከገደሉ ሥር የተነሳው ጉም መጀመሪያ የዛፎቹን ግንድ፣ ቀጥሎ ከየቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንዠረገገውን የዛፍ ሽበት፣ በመጨረሻም መንገዱን ራሱን ዋጠው። የሚሸተው እርጥብ አፈርና ቀድመው ያለፉት በቅሎዎች ፋንድያ ብቻ ነው። ትርሲት ካልሲዋ በደም ሲረጥብ ተሰማት።

«ቆዩኝ፣ እግሬን ልሰር» ብላ ጮኸች።

ከፊት «እሺ» አሏት። ተረከዟን በመሃረብ ጠቅልላ፣ ጫማዋን መልሳ አጥልቃ፣ እያነከሰች መታጠፊያውን ስታልፍ ግን ማንም አልነበረም።

«ነይ፣ ደርሰናል» አለ የመክብብ ድምፅ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ።

«ቆዩ አላልኩም?»

«ነይ፣ ደርሰናል።»

ጥርሷን ነክሳ ተከተለች። በሄደች ቁጥር የፌቨን ሳቅ ከዚያው ርቀት፣ ከጉሙ ውስጥ ይሰማታል፤ አይቀርብም፣ አይርቅም። ከእነሱ ጋር ዳግመኛ የትም እንደማትሄድ፣ ማደሪያው ስትደርስ ምን ምን እንደምትላቸው በሆዷ እያጠናች ተራመደች። ንዴቷ ስለነበር የሚገፋት፣ የፋንድያው ሽታ መቼ እንደጠፋ፣ ከጫማዋ ሥር የነበረው ጠጠር መቼ በረጅም እርጥብ ሣር እንደተተካ ልብ አላለችም።

«ፌቨን፣ ፋሻ ይዘሻል?»

«ነይ፣ ደርሰናል» አለ መክብብ። አቀበቱን ሲወጣ የዋለ ሰው ድምፅ አይደለም፤ ትንፋሽ የሚባል ነገር የለውም። ፌቨን ሳቀች፤ ቅድም የሳቀችውን ያንኑ ሳቅ፣ በዚያው ቦታ ላይ እየተቆረጠ።

ትርሲት ቆመች። ከዚያ ከፍርሃት ይልቅ ብሽቀቱ በረታባትና ድንጋይ አንስታ ወደ ድምፁ ወረወረች። ሲያርፍ ለመስማት ጠበቀች። ምንም አልተሰማም።

ተንበርክካ ፊት ለፊቷን በእጇ ዳሰሰች። ሣር፣ ሣር፣ ቀጥሎ እጇ ባዶ ላይ ወረደ። ጉሙ ለአፍታ ሲሳሳ መሬቱ ከጣቶቿ ሥር አልቆ፣ ታች፣ በጣም ታች፣ እንደ ክር የቀጠነ ወንዝ አየች። ከፊቷ፣ ምንም መቆሚያ ከሌለበት አየር ላይ፣ በፊቷ ትይዩ፣ መክብብ በለሆሳስ «ነይ፣ ደርሰናል» አላት።

እየተንፏቀቀች ወደ ኋላ ሸሸች። ተነስታ እየወደቀች በመጣችበት ስትሮጥ፣ ከጉሙ የወጣ እጅ ክንዷን ለቀም አደረጋት። መክብብ ነበር፤ እያለከለከ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ። ፌቨን ከኋላው ቆማ ታለቅሳለች።

«የት ሄደሽ ነው? ድምፃችን እስኪዘጋ እኮ ጠራንሽ» አላት።

«እናንተን ስከተል ነው። ከፊቴ ነበራችሁ።»

«መታጠፊያው ጋ፣ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ስንጠብቅሽ ነበር። በጉሙ አልፈሽን ሄድሽ።»

ትርሲት ተጠግታ አየችው። የላቡ ሽታ፣ የእጁ ሙቀት፣ የሚቆራረጠው ትንፋሹ የእውነተኛ ሰው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ያጠናችው ስድብ ሁሉ ጠፋባትና እጁን አጥብቃ ያዘች። ሦስቱም ተያይዘው ወደ መንገዱ ቁልቁል ጀመሩ።

ጥቂት እንደሄዱ ከታች፣ ከመንገዱ በኩል፣ እያነከሰ የሚመጣ እርምጃ ተሰማ።

«ጠብቁኝ እንጂ» አለ የትርሲት ድምፅ፣ ደክሞትና ተበሳጭቶ፤ «እግሬ ቆስሏል አላልኳችሁም?»

ትርሲት «እኔ አይደለሁም» ልትል አፏን ከፈተች፤ ፌቨን ግን አንዴ እሷን አንዴ ጉሙን ካየች በኋላ «ነይ፣ እየጠበቅንሽ ነው» ብላ ወደ ታች ተጣራች፣ መክብብም የትርሲትን እጅ ቀስ ብሎ ለቀቀ።