የሁለቱ ልጆች ፍርድ

ጡረተኛው ዳኛ ታዴየስ ክራውሊ ሐሙስ ጠዋት ሳሎናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። ጭንቅላታቸው ከኋላ በእሳት መቆስቆሻ ብረት ተመቷል። ደረታቸው ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተቀምጦ ነበር፤ «ለዳሪየስ። ለጥቁሩ አሥራ አራት ዓመት፣ ለነጩ ዘጠና ቀን» ይላል።

ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለችው ፌርሎው ከተማ ዳሪየስን የማያውቅ የለም። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ፣ ኮልተን ከሚባል ነጭ ጓደኛው ጋር በነዳጅ ማደያ ዘረፋ ተያዘ። ወንጀሉ አንድ፣ ዕድሜያቸው አንድ፣ ዳኛውም አንድ፤ ፍርዱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራራቀ። እናቱ ቨርሊን ጋዲስና የእህቷ ልጅ ታቮን ኢንተርኔት ላይ የከፈቱትን ገጽ መቶ ሺህ ሰው ይከታተለዋል።

መርማሪ ኦዴሳ ፕሩይት መጀመሪያ ቨርሊን ወደምትሠራበት ላውንደሪ ሄደች።

«አንቺ ነሽ የገደልሻቸው?»

ቨርሊን አንሶላ ማጠፏን አላቆመችም። «ሞቱንማ ስድስት ዓመት ሙሉ ተመኝቼዋለሁ። እሁድ ግን ደወለልኝ። ‹ቀኝ እጄ ሽባ ሆኗል፣ መጻፍ አልችልም፤ ቅዳሜ ታቮን መጥቶ ይቅረጸኝ፣ ሁሉንም እናገራለሁ› አለኝ። እህቴ፣ እኔ ቅዳሜን በጣት ስቆጥር ነበር። ሐሙስ ሬሳው ምን ይሠራልኛል?»

አጠገቧ የቆመው ታቮን ኦዴሳ ያሳየችውን የወረቀቱን ፎቶ ሲያይ ግንባሩን ቋጠረ። «እትዬ፣ ይሄ የኛ አይደለም። እኛ የኮልተንን ፍርድ ሁልጊዜ የምንጽፈው ‹ስድስት ወር› ብለን ነው። ችሎት ላይ የሰማነው እሱን ነው። ዘጠና ቀን የሚባል ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

ሦስተኛው ተጠያቂ የዳኛው የቅርብ ወዳጅ፣ ያኔ ልጆቹን የከሰሰው ዐቃቤ ሕግ ሆሊስ ራድ ነበር። አሁን ለዳኝነት ምርጫ እየተወዳደረ ነው።

«ምን ያደክምሻል?» አላት። «እነዚህ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ በዳኛው ሲዝቱ አልከረሙም?»

«የኮልተን ፋይል ምን ይላል፣ አቶ ራድ?»

«የልጆች ፋይል ይታሸጋል። ከእኔና ከዳኛው በቀር ያየው የለም። ሕግ አክባሪዎች ነን።»

ኦዴሳ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ፋይሉን አስከፈተች። አርብ ከሰዓት ሦስቱንም ዳኛው ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ኮልተን ችሎት ላይ ስድስት ወር ተፈረደበት» አለች። «በኋላ በዝግ ቢሮ ወደ ዘጠና ቀን ወረደ። ስለዚህ ይህን ወረቀት የጻፈው ፋይሉን የሚያውቅ ሰው ነው። ኮልተንና ወላጆቹ ያን ዓመት አላስካ ገብተዋል፤ ሐሙስም እዚያው ነበሩ፤ አረጋግጫለሁ።»

«ራሱ ክራውሊ ጽፎት ቢሆንስ?» አለ ራድ።

«የሚጽፉበት ቀኝ እጃቸው ሽባ ነበር። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ በራስዎ አንደበት ነግረውኛል። ፋይሉ ውስጥ ደግሞ ኮልተን የፈረመበት ቃል አለ፤ ‹ሽጉጡን ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ፤ ዳሪየስ መኪና ውስጥ ነበር፤ ልዘርፍ መሆኔን አያውቅም› ይላል። ይህን ከዳሪየስ ጠበቃ ደበቃችሁ። ዳኛው ቅዳሜ ሊናገሩት ነበር። እርስዎ ገደሉና ደሙን እነዚህ ላይ ለጠፉት።»

«ሽማግሌው ንስሐ አማረው፤ ሊናገር መሆኑን ለእኔም ነገረኝ» አለ ራድ። «የሚያቃጥለው ግን የኔን ሕይወት ነበር።»

ካቴናው ሲገባለት ፊቱን ከታቮን ስልክ አዞረ።

«ቅረጸው» አለች ቨርሊን። «የኔን ልጅ ሲያስሩት ካሜራውን አልከለከለም።»

ፋይሉ የግድያ ማስረጃ ሆኖ በግልጽ ችሎት ተነበበ። ዳሪየስ በሃያ አንድ ዓመቱ ተፈታ፤ ራድ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ጋዜጠኛ «አሁን ልብሽ አረፈ?» ብሎ ሲጠይቃት ቨርሊን የልጇን እጅ ይዛ አለፈች።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በዳሪየስ ልደት ወደ ራድ እስር ቤት ከቨርሊን አንድ ፖስታ ይደርሳል። ደብዳቤ የለውም። የልጇ ፎቶ ብቻ፤ ጀርባው ላይ ዕድሜው ተጽፎበታል።